ሆድ ድርቀት፣ ጫትና የቀረው ቁርስ

ጥያቄው፦ «ዶክተር፣ ዕድሜዬ 33 ነው። ድሬዳዋ ነው የምኖረው፣ ባጃጅ እነዳለሁ። ከአንድ ዓመት ወዲህ ሆዴ ይደርቃል። በሦስት ቀን፣ አንዳንዴም በአራት ቀን አንዴ ነው የምወጣው። ሲወጣም እንደ ድንጋይ ነው፣ በጣም ያስምጠኛል። አልፎ አልፎ ወረቀቱ ላይ ቀይ ደም አያለሁ። ጠዋት ሻይ ብቻ ጠጥቼ ሥራ እወጣለሁ። ምሳ ፓስታ ወይም ሩዝ ነው። ከሰዓት በኋላ እቅማለሁ። ማታ ምግብ አያሰኘኝም። ጓደኞቼ በየወሩ ጉሎ ዘይት ጠጥተህ ሆድህን ታጠብ ብለውኝ እጠጣለሁ። ያን ቀን ይለቀኛል፣ ከዚያ ግን ይብሳል። ሰናመኪም ሞክሬያለሁ። ሰውነቴ ውስጥ መርዝ እየተጠራቀመ ይሆን ብዬ እሰጋለሁ። የድሬ ውኃ ኖራ ስላለበት ነው የሚሉኝም አሉ። ያለ መድኃኒት፣ በምግብ ብቻ ላስተካክለው እችላለሁ?»

ትችላለህ። ከደሙ በስተቀር የዘረዘርከው ሁሉ በምግብና በልማድ የሚስተካከል ነው። ደሙን ግን አንድ ሐኪም በዓይኑ ማየት አለበት፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ጉሎ ዘይቱን ከዛሬ ጀምሮ አቁም።

ሰው ሁሉ በየቀኑ መውጣት አለበት የሚባለው ልክ አይደለም። በቀን ሦስት ጊዜ የሚወጣ ጤነኛ ሰው አለ። በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚወጣም ጤነኛ አለ። ድርቀት የምንለው በሳምንት ከሦስት ጊዜ በታች ሲሆን፣ ወይም ሰገራው ጠጥሮ ሲያስምጥ፣ ወይም ጨርሰህ ከተነሳህ በኋላም ገና የቀረ ነገር ያለ ሲመስልህ ነው። ቁጥሩ ብቻውን አይፈርድም። በየሁለት ቀኑ ለስላሳ ሆኖ የሚወጣለት ሰው ምንም አልሆነም። በየቀኑ እየሄደ የፍየል በጠጥ የመሰለ ነገር የሚያምጥ ሰው ግን ደርቋል። አንተ በቁጥሩም በጥጥሬውም ድርቀት አለብህ።

መርዝ ይጠራቀማል የሚለውን ፍርሃት ግን ተወው። ሰገራ ማለት ሰውነት የሚፈልገውን ወስዶ የተወው ትራፊ፣ ውኃና ባክቴሪያ ነው። ሁለት ቀን ስለቆየ ወደ ደም ገብቶ አይመርዝህም። ደምን የማጽዳት ሥራ የጉበትና የኩላሊት ነው፣ ሆድን ማጠብ ለእነሱ የሚያግዛቸው ነገር የለም። ይህን ጠበቅ አድርጌ የምናገረው ብዙ ሰው ራሱን የሚጎዳው በድርቀቱ ሳይሆን በዚህ ፍርሃት በሚጠጣው ነገር ስለሆነ ነው።

ትልቁ አንጀት ዋና ሥራው ውኃ መምጠጥ ነው። በቀን ወደ 1.5 ሊትር የሚጠጋ ፈሳሽ ነገር ይደርሰዋል። ከዚያ ውስጥ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ትቶ ሌላውን ወደ ሰውነት ይመልሳል። ስለዚህ ሰገራ አንጀት ውስጥ በቆየ ቁጥር ይደርቃል። በደረቀ ቁጥር ሲወጣ ያማል። ሲያም ደግሞ ሰውየው ሽንት ቤት መሄዱን ያዘገያል። ያዘገየው ደግሞ የባሰ ይደርቃል። ድርቀትን ማከም ማለት ይህን ዙሪት መስበር ነው። ዙሪቱ የሚሰበረው ሰገራው ውኃ እንዲይዝ በማድረግና ቶሎ እንዲሄድ በማድረግ ነው፣ ሌላ መንገድ የለውም።

ጉሎ ዘይት ለምን አይሆንም? አንጀት ውስጥ ሲደርስ ሪሲኖሊክ አሲድ የሚባል ነገር ይወጣዋል። እሱ አንጀትን እያስቆጣ በኃይል ያንቀሳቅሰዋል፣ ያለውን ሁሉ ጠራርጎ ያስወጣል። ችግሩ የሚመጣው በማግስቱ ነው። አንጀትህ ባዶ ነው። እንደገና ሞልቶ ሰገራ እስኪሠራ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል፣ በተለይ እንዳንተ ትንሽ ለሚበላ ሰው። አንተ ግን ያንን ባዶነት «ይኸው ደግሞ ደረቅኩ» ብለህ ትቆጥረዋለህ። «ከዚያ ይብሳል» ያልከው ይኼ ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ ከሰገራው ጋር ውኃና እንደ ፖታሲየም ያሉ ማዕድናት ይወጣሉ። በድሬ ሙቀት ላብህ እየፈሰሰ በዚያ ላይ ሆድህን ማስቀመጥ ራስህን ለመውደቅ ማዘጋጀት ነው። እርጉዝ ሴት ደግሞ ጭራሽ መጠጣት የለባትም፣ ማሕፀንን ሊያስቆጣ ይችላል።

ሰናመኪ ከጉሎ የተሻለ ነው። በክኒን መልክ ተመጥኖ በሕክምና ውስጥም የሚሰጥ ነው። ቅጠሉን ቤት ውስጥ ስታፈላው ግን መጠኑን አታውቀውም። አንድ ቀን ምንም አይልህም፣ በሌላ ቀን ሆድህን እየቆረጠ ያስሮጥሃል። ለአንድ ሁለት ቀን መገላገያ ይሆናል እንጂ የየቀን መጠጥ አይደለም። ኮሶና መተሬ የመሳሰሉትን ለድርቀት ብሎ መጠጣት ግን የለየለት አደጋ ነው፣ አታስበው።

ስለ ውኃው። የድሬ ውኃ ኖራ የበዛበት ነው፣ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚጋግረውን ነጭ ነገር ሁሉም ያውቀዋል። ያ ካልሲየምና ማግኒዝየም ነው። ማግኒዝየም እንዲያውም ሰገራን የሚያለሰልስ ማዕድን ነው፣ ለድርቀት በመድኃኒትነት ይሰጣል። ስለዚህ የድሬን ውኃ አትውቀሰው። ጥያቄው በቂ ትጠጣለህ ወይ ነው። በግንቦትና በሰኔ ከ35 ዲግሪ በላይ በሚሆን ከተማ፣ ባጃጅ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ የሚቀመጥ ሰው ሳያውቀው ብዙ ያልበዋል። ሰውነት ውኃ ሲያንሰው ከትልቁ አንጀት አንጠፍጥፎ ይወስዳል። ለአንተ ከ2 እስከ 2.5 ሊትር በቀን፣ በጣም በሚሞቅበት ወቅት ከዚያም በላይ ያስፈልግሃል። መለኪያው ሽንትህ ነው። ገርጣ ያለ ቢጫ ከሆነ በቂ ነው። ጠቁሮና ሸትቶ ከመጣ አንሶሃል። ግን አንድ ነገር ልጨምር፦ በቂ እየጠጣህ ከሆነ፣ ከዚያ በላይ በላዩ ላይ መጋት ሰገራን አያለሰልስም፣ ሽንት ብቻ ያበዛል። ውኃ የሚሠራው ውኃውን ይዞ የሚቆይ ነገር ሆድ ውስጥ ሲኖር ነው። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ውኃ ከመጨመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ወደ ጫቱ።

በጥያቄህ መሐል «ከሰዓት በኋላ እቅማለሁ» ብለህ በአጭሩ አልፈኸዋል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የቆምኩት እዚያ ላይ ነው። ጫት በሚቃምበት አገር ሁሉ ድርቀት የቃሚ የተለመደ ሕመም ነው። ምክንያቱም አንድ ብቻ አይደለም።

ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር አለ። ሰውነትን በሩጫ ወይም በድንጋጤ ጊዜ እንደሚሆነው ያዘጋጀዋል። ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ እንቅልፍ ይሸሻል፣ ወሬው ይደምቃል። አንጀት ግን በዚያው ሰዓት ሥራውን ይቀንሳል፣ ሰውነት በሩጫ ላይ እያለ ምግብ ለማንሸራሸር ጊዜ የለውምና። ለአራትና ለአምስት ሰዓት በርጫ ላይ ከተቀመጥክ፣ ለዚያን ያህል ጊዜ ሰገራው ባለበት ቆሞ ውኃው እየተመጠጠ ነው። ቅጠሉ ውስጥ ደግሞ ታኒን አለ፣ ያ አፍን የሚያኮማትረው። እሱም ለድርቀቱ የራሱን ያዋጣል።

ከንጥረ ነገሩ ይልቅ የከፋው ግን ጫት ቀንህን የሚያደርገው ነገር ነው። የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ስለዚህ እራት የለም። እንቅልፍ እምቢ ይላል፣ ስለዚህ የምትተኛው ሌሊቱ ተጋምሶ ነው። ጠዋት የምትነሳው ረፍዶብህ ነው፣ ስለዚህ ቁርስ የለም፣ ሽንት ቤት ለመቀመጥም ጊዜ የለም። ምሳው ደግሞ ለበርጫው ሲባል በጥድፊያ የሚዋጥ ፓስታ ነው። እንግዲህ በ24 ሰዓት ውስጥ ሆድህ ውስጥ የገባው አንድ ሳህን ፓስታና ሻይ ነው ማለት ነው። ከዚህ ምን ሰገራ ይሠራል? ለመውጣት እኮ መጀመሪያ መብላት ያስፈልጋል።

«ጫት ቅጠል ስለሆነ አሰር (ፋይበር) አለው፣ ሆድ ያለሰልሳል» የሚሉ አሉ። ብዙው ሰው የሚውጠው ጭማቂውን ነው፣ ቅጠሉንም ቢውጠው ከላይ የነገርኩህን ሥራ አያካክሰውም። በበርጫ ላይ ብዙ ፈሳሽ መጠጣቱ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ፈሳሹ ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ ከሆነ የቀረችውን የምግብ ፍላጎት ጨርሶ ይዘጋታል። ውኃ ጠጣ። ሌላም አለ። ምርቃናው እንቅልፍ ሲከለክል አንዳንዱ ማታ ክኒን ይውጣል። ለእንቅልፍ ከሚወሰዱት ውስጥ አሚትሪፕቲሊን ራሱ ሆድ ያደርቃል። አንተ እንደሱ ዓይነት ነገር ከወሰድክ ለሚያይህ ሐኪም ንገረው፣ አትደብቅ።

የኔ ምክር መተው ነው። ስትተው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ድብርት፣ እንቅልፍ ማብዛት፣ ቅዠትና ንጭንጭ ይኖራል። ሐራራው ከባድ ነው፣ ግን ያልፋል። በአንዴ መተው ካልቻልክ ግን ቀኑን ሙሉ ለሱ አትስጠው። በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ከቅሚያ ነፃ ይሁን። በምትቅምበት ቀን ከመቀመጥህ በፊት የምር ምሳ ብላ። ከ11 ሰዓት በኋላ አትቃም፣ ማታ ትንሽም ብትሆን ራት እንድትበላና በጊዜ እንድትተኛ። ጫቱ በነበረበት እየቀጠለ ተልባ ብቻ ብትጨምር ግማሽ መንገድ ላይ ነው የምትቀረው። ይህን ሳልነግርህ የምግብ ዝርዝር ብሰጥህ አታለልኩህ ማለት ነው።

ቁርስ። አንጀት ሌሊት ያርፍና ጠዋት ስንነሳ ይነቃል። ባዶ ጨጓራ ውስጥ ምግብ ሲገባ ደግሞ ትልቁ አንጀት ጠንካራ እንቅስቃሴ ይጀምራል፣ ያለውን ወደ መውጫው ይገፋል። ይህ እንቅስቃሴ ከሁሉም በላይ የሚበረታው ጠዋት ከመጀመሪያው ምግብ በኋላ፣ በግማሽ ሰዓት ገደማ ውስጥ ነው። ከቀኑ ሁሉ ለመውጣት የሚመቸው ሰዓት ይኼ ነው። አንተ ደግሞ በዚያ ሰዓት ባዶ ሻይ ጠጥተህ መሪ ጨብጠሃል። ሰዓቱ በየቀኑ ሳትጠቀምበት ያልፋል። ሞቅ ያለ ቡና ለብዙ ሰው ይህን እንቅስቃሴ ያግዘዋል። ስለዚህ ቡና ካማረህ የጠዋቱን አትተው፣ ግን ከምግብ ጋር።

የሰገራ ስሜት ሲመጣ አለመሄድ ደግሞ ራሱን የቻለ ምክንያት ነው። ስሜቱ ደቂቃዎች ይቆይና ይጠፋል። በተደጋጋሚ ስታፍነው የአንጀቱ ጫፍ መሙላቱን ማሳወቁን እየተወ ይሄዳል። ድሬ ውስጥ ብዙው ሰው የሚኖረው በግቢ ነው፣ አንድ ሽንት ቤት ለብዙ ቤተሰብ። ጠዋት ወረፋ አለ፣ በር የሚያንኳኳ አለ። ሰው እየተሳቀቀ ይተወዋል። ሴቶች በዚህ ከወንዶች የበለጠ ይቸገራሉ። መፍትሔው ቀላል ባይሆንም አለ፦ ከግቢው ሰው ግማሽ ሰዓት ቀድመህ ተነስ። ሥራ ላይ ስትሆንም በመስመርህ ላይ ንጹሕ ሽንት ቤት ያላቸውን ቦታዎች፣ ካፌም ይሁን መስጊድ፣ ለይተህ እወቅ። ስሜቱ ሲመጣ ተሳፋሪ አውርደህ ሂድ። አንድ ጉዞ ቢቀርብህ ይሻላል።

አቀማመጡም ይቆጠራል። ቁጢጥ ብሎ መቀመጥ ለመውጣት የሚመች አቀማመጥ ነው። የአንጀቱን ጫፍ ወደፊት ስቦ የሚይዝ ጡንቻ አለ፣ ቁጢጥ ስንል እሱ ይላላና መንገዱ ቀጥ ይላል። የጉድጓድ ሽንት ቤት የምትጠቀም ከሆነ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነህ። ፈረንጅ መቀመጫ ላይ ከሆነ ደግሞ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ዱካ እግርህ ሥር አድርግ፣ ጉልበትህ ከዳሌህ ከፍ ይበል፣ ወደፊት ዘንበል በል። ትንፋሽ አፍነህ አታምጥ። ስልክ ይዘህ አትግባ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ካልመጣ ተነስ፣ ሌላ ጊዜ ይመጣል። እዚያ ተቀምጦ ማማጥ ኪንታሮት ያወርዳል።

ወደ ሳህኑ እንምጣ። አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም አሰር፣ ፋይበር የሚባለው ማለት ነው፣ ያስፈልገዋል። አሰር አይፈጭም፣ ውኃ ይዞ ሰገራውን ያገዝፈዋል፣ ያለሰልሰዋል። አንድ ሳህን ነጭ ሩዝ ከ2 ግራም አይበልጥም። ነጭ ፓስታም ብዙ አይርቅም። ድሬ ላይ ሩዝና ፓስታ የዕለት ምግብ ሆኗል፣ በዚያ ላይ ሥጋና ስጎ ተደርጎበት ጎመንና ጥራጥሬ ከሳህኑ ጠፍተዋል። ሩዙን ተው አልልህም። ግን አጠገቡ ሌላ ነገር ይኑር።

ጠዋት ፉል ብላ። ይህ የድሬ ሰው በጁ ያለው፣ በየሠፈሩ የሚሸጥ መድኃኒት ነው። አንድ ሳህን ባቄላ ፉል ብቻውን ወደ 10 ግራም የሚጠጋ አሰር ይሰጥሃል። ቲማቲምና ሽንኩርት ይብዛበት፣ ዘይቱ ይቀነስ። ፉል የማይስማማው ሰው የገብስ ወይም የስንዴ ቅንጬ፣ ወይም አጃ፣ ወይም ከምስር ወጥ ጋር እንጀራ ይብላ። ሳምቡሳና ባጊያ በሻይ ግን ቁርስ አይደለም፣ ዘይትና ዱቄት ነው። ምሳ ላይ ከሳምንቱ ቢያንስ አራት ቀን ሩዙና ፓስታው ቀርቶ እንጀራ በምስር፣ በሽሮ፣ በጎመን፣ በአተር ክክ ይሁን። እንጀራው የጤፍ ቢሆን፣ አለዚያም የማሽላ፣ ሩዝ ከበዛበት ይሻላል። ስኳር ድንች ከነልጣጩ ታጥቦ የተቀቀለ በጣም ጥሩ ነው፣ በሐረርጌ ገበያ ሁሉ አለ፣ ርካሽም ነው።

ፍራፍሬ ላይ ድሬ የታደለች ናት። ቀፊራ ገበያ ገብተህ ፓፓያ፣ ማንጎ፣ ዘይቱን (ጓቫ)፣ ብርቱካን ታገኛለህ። ፓፓያ ለስላሳ ነው፣ ውኃም አለው፣ ጠዋት ወይም ማታ ግማሽ ፓፓያ ብላ። ዘይቱን ከሁሉም የበለጠ አሰር አለው፣ ከነልጣጩ ይበላል። ፍሬውን ብላው እንጂ ጁስ አታድርገው። ተጨምቆ ሲጠለል አሰሩ ወንፊቱ ላይ ይቀራል፣ ጠጪው የሚያገኘው ስኳሩን ነው። ቴምርም ጥሩ ነው፣ ሦስት አራት ፍሬ በውኃ። ሙዝ ያደርቃል ወይስ ያለሰልሳል እየተባለ ብዙ ክርክር አለ። በደንብ የበሰለው ምንም አያደርግም፣ ያልበሰለው አረንጓዴ ግን አንዳንድ ሰው ያደርቃል።

የቁልቋል በለስ ለብቻው ማስጠንቀቂያ ያስፈልገዋል። ወቅቱ ሲደርስ ሰው በባልዲ ይበላዋል። ሁለት ሦስት ፍሬ ይጠቅማል። ብዙ ሲበላ ግን ፍሬ ውስጥ ያለው ጠንካራ ዘር መውጫው ላይ ተከምሮ እንደ ሲሚንቶ ይጠጥራል፣ በሐኪም እጅ ካልሆነ የማይወጣበት ጊዜ አለ። ልጆች በተለይ ይጠበቁ። ሆድህ ደርቆ ባለበት ሳምንት በለስ አትንካ።

ተልባ ከቤት መድኃኒቶች ሁሉ የምተማመንበት ነው። ሲርስ የሚያወጣው ዝልግልግ ነገር ውኃ ይይዛል፣ ሰገራውን ያንሸራትተዋል። ቆልተህ ፍጨው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ በትልቅ ብርጭቆ ውኃ በጥብጠህ ማታ ጠጣ። ከሳምንት በኋላ ጠዋትም አንድ መጨመር ትችላለህ። ያልተፈጨው ፍሬ ብዙውን ጊዜ እንዳለ ገብቶ እንዳለ ይወጣል። ተልባን ያለ ውኃ መቃም ግን አደገኛ ነው፣ ጉሮሮ ወይም አንጀት ውስጥ ሊያብጥ ይችላል። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከተልባው በሁለት ሰዓት ያርቀው።

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን አትጀምር። አሰር ባልለመደ አንጀት ላይ በድንገት ሲበዛ ይነፋል፣ ያጓራል፣ ጋዙ ያሳፍራል። ብዙ ሰው «አልተስማማኝም» ብሎ የሚተወው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። በየሦስት አራት ቀኑ አንድ ነገር ጨምር። ሆድህ ይለምደዋል።

በረመዳን ሱሁርን አትዝለል፣ ፉሉና ውኃው እዚያ ላይ ይሁን። ኢፍጣር ላይ ከሳምቡሳው በፊት ቴምርና ሾርባ ይቅደም፣ እስከ ሱሁር ድረስ ውኃውን ከፋፍለህ ጠጣ። በኦርቶዶክስ ጾም የሚጾም ሰው በጥራጥሬና በጎመን በኩል ተጠቃሚ ነው። ቁርሱ ስለሚቀር ግን መቀመጫ ሰዓቱን ከመጀመሪያው ምግብ በኋላ ያድርገው። እንቅስቃሴም ያስፈልግሃል፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠህ ነው የምትውለው። ፀሐይዋ ስትበርድ በከዚራ ሠፈር ዛፎች ጥላ ሥር ግማሽ ሰዓት በእግርህ ሂድ።

ድርቀት ሲይዘው «ታይፎይድ ነው፣ አሜባ ነው» ብሎ ፋርማሲ ሄዶ ክኒን የሚገዛ ብዙ ነው። ታይፎይድ ትኩሳት ያለው በሽታ ነው፣ አሜባም ተቅማጥ ነው የሚያመጣው። ለዓመት የቆየ ድርቀት በአንቲባዮቲክ አይድንም። ይልቅ ከምትወስዳቸው መድኃኒቶች ውስጥ የሚያደርቅ እንዳለ ተመልከት፦ የደም ማነስ አይረን ክኒን፣ እንደ ትራማዶልና ኮዴይን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች፣ አሉሚኒየም ያላቸው የጨጓራ ማስታገሻዎች፣ የደም ግፊቱ አምሎዲፒን። በሐኪም የታዘዘልህን ግን በራስህ አታቁም፣ ይቀየርልኝ ብለህ ጠይቅ። የእንቅርት ሆርሞን ማነስና የስኳር በሽታም ያደርቃሉ።

ደሙ። ቀይ ሆኖ ወረቀት ላይ የሚታይ ደም በአንተ ዕድሜ ብዙውን ጊዜ ኪንታሮት ነው፣ ወይም ጠጣር ሰገራ ፊንጢጣን ሰንጥቆት ነው። ሲወጣ እንደ ምላጭ የሚቆርጥህ ከሆነ መሰንጠቁ ይሆናል፣ ሕመም ከሌለው ደግሞ ኪንታሮቱ። ሁለቱም ሰገራው ሲለሰልስ አብዛኛውን ጊዜ ይሻላቸዋል። ግን «ብዙውን ጊዜ» ማለት «ሁልጊዜ» ማለት አይደለም። በጽሑፍ የሚታይ ነገር አይደለም፣ ምርመራው ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። ማፈር አያስፈልግም። በዚህ ሁለት ሳምንት ውስጥ ታይ። ለኪንታሮት ይቆረጣል፣ ይቃጠላል እያሉ በየሠፈሩ ወደሚያክሙ ሰዎች ግን አትሂድ፣ መውጫውን አበላሽተውት ለዕድሜ ልክ ሰገራ መቆጣጠር ያቃተው ሰው አለ።

ደሙ ከሰገራው ጋር የተቀላቀለ ወይም የጠቆረ ከሆነ፣ ሳታስበው ከከሳህ፣ ደም ማነስ ካለብህ፣ ወይም ቤተሰብ ውስጥ የአንጀት ካንሰር ካለ ሁለት ሳምንት አትጠብቅ። ይህን የሚያነብ ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ካለና ድርቀቱ አዲስ ከሆነበት፣ ፉሉና ተልባው ከምርመራው በኋላ ይሁን።

አንተ የምታደርገው እንዲህ ነው። ከነገ ጀምሮ ከምትነሳበት ሰዓት አርባ ደቂቃ ቀድመህ ተነስ። አንድ ትልቅ ብርጭቆ ውኃ ጠጣ፣ ቁርስ ብላ፣ ከዚያ መጣም አልመጣም ሽንት ቤት ሂድና ዘና ብለህ ተቀመጥ። በየቀኑ በዚያው ሰዓት። ባጃጁ ውስጥ የሁለት ሊትር ጠርሙስ ውኃ ይኑር፣ ማታ ባዶውን ይዘህ ግባ። በመጀመሪያው ሳምንት ከዚህ ሌላ ተልባውን ብቻ ጨምር። በሁለተኛው ምሳውን ቀይር፣ ፍራፍሬውን አስገባ። ጫቱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምረህ ቀንስ። የወጣህበትን ቀንና ሰገራው ምን እንደሚመስል ስልክህ ላይ ጻፍ፣ ሐኪምህን ይጠቅመዋል። ለውጡ በቀናት አይመጣም፣ አራት ሳምንት ስጠው።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም ሳይወጣ አራተኛ ቀን ካለፈህ ጉሎ አትፈልግ። ፋርማሲ ሄደህ ላክቱሎስ ጠይቅ። ሽሮፕ ነው፣ አንጀት ውስጥ ውኃ ይይዛል፣ ለመሥራት እስከ ሁለት ቀን ይፈጃል፣ ስለዚህ በማግስቱ አልሠራም ብለህ አትደራርብ። መውጫው ላይ ጠጥሮ ለቆመ ግሊሰሪን በፊንጢጣ የሚገባው ይረዳል። ቢሳኮዲል ማታ ተወስዶ ጠዋት ይሠራል፣ ግን ለአልፎ አልፎ ነው። መድኃኒት ለጥቂት ጊዜ መጠቀም ሽንፈት አይደለም፣ አንጀቱ ልማዱን እስኪይዝ ነው። አራት ሳምንት በትክክል አድርገኸው ካልተለወጠ ደግሞ ምግቡን እያበዛህ አትሂድ። አንዳንድ ሰው አንጀቱ በተፈጥሮው ዘገምተኛ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ሲያምጥ ጡንቻው ከመላላት ይልቅ ይጠብቃል። ለእነዚህ አሰር መጨመር ይብሳል እንጂ አይሻልም፣ ሌላ ሕክምና አላቸው።

ሆድህ በድንገት ተነፍቶ፣ ጋዝ እንኳ አልወጣ ብሎ፣ ሕመሙ እየመጣ እየሄደ ካስጨነቀህና ካስታወከህ ግን ያ ድርቀት አይደለም። አንጀት ተዘግቷል ወይም ተጠምዝዟል ማለት ነው። የአንጀት መጠምዘዝ በአገራችን፣ በተለይ በወንዶች ላይ፣ እንግዳ ነገር አይደለም። በዚያ ሰዓት ጉሎም ሆነ ሰናመኪ መጠጣት አንጀቱን ሊያፈነዳው ይችላል። ምንም ሳትጠጣና ሳትበላ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ድል ጮራ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ግባ።